ካስሩ ዘጠነኛ

ቡድናችን ገባ፣ ካስሩ ዘጠነኛ፤
አስረኛውማ ያው፣ ደጀን ላይ ነው የተኛ።

ማክሰኞ ማለዳ፣ ሳፋዬን ሞልቼ፣
የተነፈሰ ካላማዳሪ፣ ውሃ ውስጥ ከትቼ፣
አረፋ ስጠብቅ፣ የቷ እንደምትተነፍስ፣
ሠፈሩ ደረሰ፣ ቡድኑን ሊወቅስ።

ጥጋቡ ባጃጁን፣ ሞተር ሳያጠፋ፣
«ተዋረድን!» አለ፣ ምራቁን ሲተፋ።
«አምስት ቀን ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳይመሩ!
ዳንግላ ላይ ቀሩ፣ ቡሬ ላይም ቀሩ፤
የማርቆስ ልጆች እንኳ፣ ጥለዋቸው በረሩ።
ይርሳውማ፣ መሪያችን! የዓባይን በረሃ
ሲወርድ የፈራ፣ ሲወጣ የጠማው ውሃ!»

አደራጀው ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ፣
«አሰልጣኙስ ቢሆን፣ ምን አለው ከፉጨት በላይ?
ዳገት የሚችለውን ልጅ፣ ሜዳ ላይ ጨረሰው፤
ለሜዳ የሚሆነውን፣ ዳገት ላይ አፈሰሰው።
ጨርቅም በአግድሙ ከቆረጡት፣ አይሆንም ለሰው!»

የኔዓለም ስፕሪሱን፣ በሁለት ቀለም ቀድታ፣
«ምን በልተው ነው?» አለች፣ ሳቅ ብላ ለአፍታ።
«ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀር፣ መጥተው እዚህ ማታ፣
አምስት ሆነው በሉት፣ የሦስት ሰው ፓስታ።
እሱም በዱቤ ነው።»

ተማሪው በስልኩ፣ ቁጥር እያሰላ፣
ስለ ነፋስ አለን፣ ስለ ልብ ምት፣ ስለ ሌላ፤
ጥጋቡ «ነፋሱ የማርቆስ ልጅ ላይስ አይነፍስም ወይ?» አለ፤
ሳቁ ዘንባባውን ነካ፣ ነገርም ቀጠለ።

እንድሪስ ታንኳ ሠሪው፣ ከደንገል ሸክሙ ጋር፣
ቆሞ ሲሰማ ነበር፣ ከመንገዱ ዳር።
«ታንኳ ከሐይቅ ሲገባ፣ ማታ ካልወጣ፣
ውሃውን ይጠጣል፣ ሸክም ነው ሲመጣ።
ጠዋት ለጠዋት ቆሞ፣ ፀሐይ ካልመታው፣
ዘጌ ሳይደርስ ነው፣ ውሃ የሚረታው።
ልጆቹን ማን አወጣቸው? ማን አቆመ ለፀሐይ?»
ዝም አልን። ጀልባ ጮኸ፣ ከወደቡ በላይ።

የሁሉም ዝምታ አንድ ነው፤ የኔ ግን ለብቻው ነው፤
አንዲት የተጣመመች ራጂ አለች፣ ኪሴ ውስጥ የማሻሸው።
ባለፈው ማክሰኞ ማታ፣ ከይርሳው ጎማ ነቅዬ፣
በአሮጌ የተካኋት፣ አዲስ የለኝም ብዬ።
«ትችላለች ወይ?» አለኝ። «ትችላለች» አልኩት፤
ሦስቴ ጠበቅ አድርጌ፣ በጣቴ መታ አደረኩት።
አምስት ቀን ሬዲዮኑ፣ ስለ ቡድኑ ሲያወራ፣
እኔ የምሰማው አንድ ድምፅ ነው፦ ጠቅ ስትል ተሰብራ።

ይኸኔ ይርሳው ራሱ፣ ከጊዮርጊስ በር፣
ብቅ አለ ብስክሌቱን፣ እየገፋ በአስፋልቱ ዳር።
ጥጋቡ ሞተሩን፣ ያን ጊዜ አጠፋው፤
አደራጀው ተነሳ፣ ወንበሩን ገፋው፤
የኔዓለም ሻይ ሰጠች፣ ስኳሩን ጨማምራ፤
ከዱቤውም ነገር፣ አንዲትም ሳታወራ።
«አይዞህ!» አሉት ሁሉም፣ ያን ያህል እንዳላወሩ፤
«እግሬ ነው» አላቸው፣ «ዳገቱ ላይ ዛለ»፣ ዓይኑ ወደ ምድሩ።

ጎማውን ተቀበልኩት። አሽከረከርኩት፣ ዞረ፤
ልክ እኔ በተካሁባት፣ አንድ ክፍተት ነበረ።
ከፍሬን ጋር ሲፋተግ፣ ስንት ዳገት ዋለ?
የተላጠውን ቸርኬ፣ ጣቴ አስተዋለ።

አዲስ ራጂ ከሰኞ ወዲህ፣ ሳጥኔ ውስጥ ሞልቷል።
ይዘገያል እንጂ፣ መምጣቱንስ ይመጣል።

እኔም አልጠየቅኩት። እሱም አልነገረኝ።
ጥጋቡ ቀስ ብሎ፣ ወደ አሰልጣኙ ተመለሰ፤
«ስንት ነው?» አለ ይርሳው፣ ኪሱን እየዳሰሰ፤
ከሳፋው አንድ አረፋ፣ ወጣና ፈረሰ።